ትርፍ የተከለው ዛፍ

ከጎንደር መቆርቆር በፊትም ሆነ ከጎንደር መዳከም በኋላ፣ የኢትዮጵያ ነገሥታት መንበረ መንግሥት በአንድ ስፍራ ጸንቶ የሚኖር ሕንጻ ሳይሆን፣ ድንኳኑን ነቅሎ፣ ጓዙን ጭኖ፣ ታቦቱን አስቀድሞ ከአምባ ወደ አምባ የሚጓዝ ሰፈር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ይህን መዘዋወር ያመጡት ምክንያቶች ብዙዎች ናቸው፤ የሸፈተውን ማስገበር፣ የገባሩን እህል በየአገሩ ሄዶ መብላት፣ ክረምትና በጋን እያዩ ደጋና ቈላን መለዋወጥ። ታሪክ ጸሓፊዎች በጥቂት ቃል የሚያልፉት፣ ለወጥ ቤቷና ለአሽከሩ ግን ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት የማገዶ ነገር ነበረ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሠራዊት ከነቤተ ሰቡና ከነከብቱ በአንድ ሜዳ ላይ ሲሰፍር፣ እንጀራ ለመጋገር፣ ወጥ ለመሥራት፣ የሌሊቱን ቁር ለመከላከል የሚያነደው እንጨት በጥቂት ዓመት ውስጥ የአካባቢውን ተራራ ያራቁተዋል፤ እንጨቱ በራቀ መጠንም ሰፈሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ እንጨቱ ይሄዳል።

ዐፄ ምኒልክም ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ ሲዘዋወሩ ኖረው፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው በሰየሙት በፍልውሃው ሜዳ ላይ ከተማ ከቆረቆሩ በኋላ፣ የቀድሞው መከራ ከተማይቱን ተከትሎ መጣ። በእንጦጦ ተራራ ላይ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። ከዐድዋ ድል በኋላ ሕዝቡ ሲበዛ፣ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችም ቤት ሲሠሩ፣ እንጨት ለማምጣት ደርሶ መልሱ ቀን የሚፈጅ መንገድ መሄድ ግድ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ አባቶቻቸው ልማድ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደኑ ገና ባልተመነጠረበት አገር፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ዓለም የተባለውን ከተማ አስቆርቁረው ቤተ መንግሥት አስጀመሩ። ይሁን እንጂ በድንጋይና በኖራ ቤት የሠራ መኰንን፣ ሌጋሲዮኑን ያቋቋመ የውጭ መልእክተኛ፣ ሱቁን የከፈተ ነጋዴ፣ እንደ ድንኳን የሚነቀል ንብረት አልነበረውምና፣ ዝውውሩ ከሐሳብ አላለፈም፤ ለቤተ መንግሥት ታስቦ የተጀመረውም ሕንጻ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባ በስፍራዋ ቀረች። በስፍራዋ ለመቅረት ግን የምታነደው ነገር ያስፈልጋት ነበረ።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ግድም ነው ይባላል። መጀመሪያ ማን አመጣው በሚለው ላይ ምስክሮቹ አይስማሙም፤ ብዙዎች ሞንዶን ቪዳዬ የተባለውን የንጉሠ ነገሥቱን ፈረንሳዊ አማካሪ ይጠቅሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሌላ ስም ያነሣሉ። ዘሩን ካመጣው ሰው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ዛፉ የተስፋፋበት ሥርዐት ነው። መንግሥት ችግኙን በጥቂት ዋጋ አከፋፈለ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነጻ አደረገ፤ ከዚህ በላይ ማንም ባለሥልጣን ጅራፍ ይዞ ያስተከለው የለም። ጽድ የሚተክል ሰው ለልጅ ልጁ ይተክላል፤ ባሕር ዛፍ የሚተክል ግን በአምስትና በስድስት ዓመቱ ራሱ ይቈርጣል፤ ከቈረጠውም ጉቶ ላይ እንደ ገና ያቈጠቍጥለታል። ግንዱ ወራጅና ጣውላ፣ ቀጭኑ አጣናና ማገር፣ ቅርንጫፉ ጭራሮ፣ ቅጠሉ የምጣድ ማንደጃ ሆኖ፣ ከሥሩ በቀር የማይሸጥ አካል የሌለው ዛፍ ነው። ስለዚህ መሬት ያለው መኰንንና ወይዘሮ ሁሉ፣ ጤፍ ከሚያስገባለት ይልቅ ባሕር ዛፍ የሚያስገባለት እንደሚበልጥ ባየ ጊዜ፣ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ከሩቅ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ከተማ ሳይሆን ዱር የሚያይ እስኪመስለው ድረስ ተራራውና ሸለቆው በዚያ ሰማያዊ ቅጠል ተሸፈነ።

ይህን አሮጌ ነገር ማንሣቴ፣ በዘመናችን ምድርን ስለሚያሞቀው ጭስ የሚመክሩት መንግሥታትና ባንኮች ከሚያቀርቡት መድኀኒት ብዙው በምኒልክ ዘመን ከተፈተነው ጋራ አንድ ባሕርይ ስላለው ነው። ምክራቸው ባጭሩ፣ ሰው ለጽድቅ ብሎ የማይተክለውን ለረብሕ ብሎ ይተክላልና፣ አየሩን ማጥራት ትርፍ የሚያስገኝ ሥራ ይሁን፣ ባለጸጋው ንዋዩን ያፍስስበት፣ የቀረውን ገበያው ይፈጽመዋል የሚል ነው። በዚህ ምክር ላይ መሳለቅ ቀላል ነው። እኔ ግን አልሳለቅበትም፤ ምክንያቱም በአዲስ አበባ ነገሩ ሠርቷል። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን፣ የከተማይቱ መጥረቢያ ወደ እርሱ መዝለቅ ከጀመረ በኋላ ሳያልቅ የተረፈው፣ በነገሥታቱ ጥበቃ ብቻ ሳይሆን ባሕር ዛፉ በጊዜ ስለ ደረሰለት ጭምር እንደ ሆነ አምናለሁ። ለአገሩ ዛፍ እንግዳው ዛፍ ቤዛ ሆነለት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከዚህ ዘመን ቅርብ የሆነ ሌላም ምስክር አለ። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት ከሙቀቱ አብዛኛውን ለነፋስ እንደሚሰጥ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ በ1980ዎቹ ዓመታት ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ፣ ከእርሱም በኋላ ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው ምርጥ የተባለው ምድጃ በአገሪቱ ሲሠራጩ፣ አንጥረኛውና ሲሚንቶ ቅርጽ አውጪው እየሠሩ በገበያ ሸጧቸው እንጂ በምጽዋት የታደሉ ብቻ አልነበሩም። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋራ ሲነጻጸር የማገዶውን ወጪ እስከ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። የሠራው አተረፈ፤ የገዛችውም ማገዶ ተረፋት። በእንዲህ ያለው ሥራ ሻጭና ገዢ የሚገናኙበት ጥቅም በዐይን የሚታይና በእጅ የሚጨበጥ ስለ ሆነ፣ ገበያው ከማንም ሰባኪ ይልቅ ፈጥኖ ይደርሳል።

ነገር ግን የባሕር ዛፉ ታሪክ እዚህ ላይ አያበቃም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲቃረብ፣ ዛፉ ምንጩንና ጕድጓዱን አደረቀው የሚል አቤቱታ ስለ በዛ፣ ከተተከለው ከሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀልና በምትኩ የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል የሚያዝዝ ዐዋጅ ወጣ፤ ሆኖም የሚፈጽመው ሰው አልተገኘም። ለምን ይገኛል? ውሃው የሁሉም ነው፤ አጣናው ግን ባለቤት አለው። ውሃ ከሚደርቅበት ሰው ይልቅ አጣና የሚሸጥ ሰው በቤተ መንግሥት ደጅ ተሰሚነቱ የበለጠ ነበረ። ከዛፉ በታች ሣር አይበቅልም፤ የወደቀውም ቅጠል ለምጣድ ተጠርጎ ስለሚወሰድ፣ የክረምቱ ዝናብ ባዶውን አፈር እየጠረገ ወደ ከተማይቱ ወንዞች ያወርደዋል። ከሩቅ ለምለም መስሎ የሚታየው ተራራ፣ ወደ ውስጡ ሲገቡ መሬቱ የተላጨ ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ጠርጎ የሚወስደው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የፈለገ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ዳር ለጥቂት ጊዜ ይቁም። የቅጠሉና የጭራሮው እስር ከተሸካሚዋ ቁመት ስለሚረዝም በጀርባዋ ላይ አግድሞ ይጫናል፤ ገመዱ በሁለት ትከሻዋ አልፎ በደረቷ ላይ ይቋጠራል፤ ሴቲቱ ፊቷ ወደ መሬት እስኪያይ ጐንበስ ብላ በፍጥነት ትወርዳለች፤ ቁልቁለቱ ስለሚገፋት ቀስ ማለት አይቻላትምና። መኪና ሲመጣ ሸክሙ መንገዱን እንዳይዘጋ ወደ ጐን ዞራ ቆማ ታሳልፋለች። ሸክሙ ሲመዘን 35 ኪሎና ከዚያም በላይ ሆኖ ይገኛል፤ ከተሸካሚዎቹ አንዳንዶቹ ገና ልጃገረዶች ናቸው። ደኑ የጥበቃ ሠራተኛ አለውና፣ ያገኛት እንደ ሆነ ገመዷን ሊቀማት፣ ወይም ገንዘብ ሊጠይቃት ይችላል። መኳንንቱ በግብር ነጻነት ያበቀሉት ዛፍ በ1967 ዓ.ም. በወጡት የመሬት ዐዋጆች የመንግሥት ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ የባለቤቱ ስም ተለዋወጠ እንጂ የእርሷ ሸክም አልቀለለም። በትርፍ ስለ ቆመ አረንጓዴ ተራራ ሲነገር የእርሷ ጀርባ በሒሳቡ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ትርፍ የሚተክለው የሚቈረጠውን ነው። የሚቈረጠውንም ቢሆን ፈጥኖና በብዛት ይተክላል፤ ይህ ሊመሰገንበት የሚገባ ኀይሉ ነው። ነገር ግን ዛፍ ከአየሩ የሳበውን ጭስ የሚይዘው ሳይነድና ሳይበሰብስ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ በነደደ ቀን የሳበውን ይመልሳል። እንደ ገና ቢያቈጠቍጥ እንደ ገና ይስባል፤ ሒሳቡም ከዓመት ዓመት ዜሮ ላይ ይመላለሳል። ይህ ለከተማ ማገዶ መልካም ሥርዐት ነው። ከምድር ሆድ ተቈፍሮ በወጣ ድንጋይ ከሰልና ቤንዚን መቶና ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ በሌላ ክፍለ ዓለም የነደደውን ጭስ ለማካካስ ግን የሚያስፈልገው የማይቈረጥ ዛፍ ነው፤ የማይቈረጥን ዛፍ ደግሞ ገበያ አያውቀውም።

የማይቈረጥ ዛፍ በአገራችን የት እንደሚገኝ ልጅም ያውቀዋል። በደቡብ ጎንደር ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚመለከት ሰው፣ በታረሰው ቀይና ቡኒ ምድር መካከል ተዘርተው የሚያያቸው ክብ ክብ አረንጓዴ ነቍጦች የየደብሩ ዐጸዶች ናቸው። ብዙዎቹ ስፋታቸው ከጥቂት ሄክታር አያልፍም፤ ሆኖም ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ብሳናው ከነወፎቹና ከነንቦቹ በውስጣቸው ተርፏል። በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ዛፍ መቍረጥ ነውር ብቻ ሳይሆን በግዝት የተከለከለ ነው፤ ዛፍ የሌለበት ደብር ልብሱን እንደ ተገፈፈ ሰው ይቈጠራል። እነዚህን ዐጸዶች ከማንም ይልቅ በሊቅነት የመረመራቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው፤ ብዙው አንባቢ «እመጓ» በተባለው መጽሐፉ ያውቀዋል እንጂ የሙያው ደን ነው። እርሱና ማርጋሬት ሎውማን የተባለችው አሜሪካዊት የዕፀው ተመራማሪ ከካህናቱ ጋራ ተማክረው፣ ከብት እንዳይገባና እርሻው እንዳይገፋው በብዙ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ድንጋዩ ከገበሬው እርሻ የተለቀመ ስለ ሆነ፣ ዐጸዱ ሲታጠር እርሻውም ለማረሻ ይቀልላል።

ለእነዚህ ዛፎች ምዕመኑ ተመን አውጥቶላቸው አያውቅም፤ ይልቁንም ተመን እንዳይወጣላቸው ከልክሏል። ሆኖም የግዝቱን ኀይል አግንኖ ማውራትም ሐሰት ይሆናል። ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ በሆነበት ዘመን ሕንጻ ማሳደስ ገንዘብ ይጠይቃልና፣ ዛሬ በብዙ አድባራት ዙሪያ፣ አልፎ አልፎም በዐጸዱ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ይገኛል፤ ሰበካ ጉባኤው በየአምስት ዓመቱ ይሸጠዋል። ካህናቱን መውቀስ አይገባም፤ ደብሩን ያሳድሱ የነበሩት ባለርስቶች የሉም። ነገር ግን ተመን አንድ ጊዜ ቅጽሩን ተሻግሮ ከገባ፣ ቀጥሎ የሚተመነው ዝግባው እንዳይሆን የሚያሰጋ ነው።

 

ከደብሩ ወደ ገበያው ስንመለስ፣ ትርፍ ሲተክል እጅግ ተውቦ የታየው በአዊ አገር፣ በፋግታ ለኮማ ነው። በዚያ ደጋ ላይ አፈሩ ኮምጥጦ ገብስና ድንች አልሰጥ ሲል፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራልያ ግራር በማሳው ላይ መትከል ጀመረ። ሥርዐቱ በእውነቱ ብልሃት የተሞላ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከሥሩ ሣር ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቈርጦ እዚያው ማሳው ላይ በአፈር ተዳፍኖ ከሰል ይሆናል፤ የከሰሉ አመድ የነካው መሬትም ለቀጣዩ ጤፍ ይስማማል። ከሰሉ በጆንያ ተሞልቶ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የቆርቆሮ ቤት ተሠራ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቀደም ሲል የተራቆተው ኰረብታ በሳተላይት ሲታይ አረንጓዴ ሆነ። ምሁራንም መጥተው አደነቁ፤ አድናቆታቸውም አልተሳሳተም ነበር። ነገር ግን ማሳው ሁሉ ሌላውን ትቶ አንዱን ዛፍ ብቻ ይተክል ስለ ነበር፣ በ2012 ዓ.ም. ግድም ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ በቅጠሉ ላይ ወጥቶ ከማሳ ወደ ማሳ ሲዛመት የሚያቆመው አልተገኘም። ብዙ ቤተ ሰብ የዐሥር ዓመት ተስፋውን ባንድ ክረምት አጣ። ገበሬው ከአንድ ዓይነት ዛፍ በቀር ያልተከለው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ገበያው የሚጠይቀው ያንኑ አንዱን ስለ ነበር ነው።

ስለ ጉሎና ስለ ጃትሮፋ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በ2000 ዓ.ም. መባቻ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ከተክል ዘይት ነዳጅ እናወጣለን የሚሉ የውጭ ኩባንያዎች በሐረርጌና በወላይታ መሬት ያዙ፤ ከገበሬውም ጋራ ተዋዋሉ። በሐረርጌ ከተመነጠረው መሬት ከፊሉ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ነበረ፤ ጭስን ለመቀነስ በሚል ስም ዱር ተመነጠረ ማለት ነው። ነዳጁ ዋጋው ሲወርድ፣ ጉሎውም እንደ ተነገረለት ሳያፈራ ሲቀር፣ ኩባንያዎቹ ሄዱ፤ ምርጥ ዘር ብሎ በማሳው የዘራው ገበሬ ግን የሚሄድበት አልነበረውም።

እንግዲህ የማይቈረጠውን ዛፍ ራሱን ሸቀጥ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ የተፈተነው በዚያው በወላይታ፣ በሁምቦ ነው። ተራራው ተራቁቶ፣ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ በማሳ ላይ ያፈስስ ነበረ። በ1999 ዓ.ም. ግድም ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ከገበሬው ጋራ ተማክሮ፣ 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ እንዲከለል ተደረገ። አዲስ ችግኝ ብዙም አላስፈለገም፤ ከመሬት በታች ሳይሞት የኖረው ጉቶ ነበርና፣ እያቈጠቈጠ ሲመጣ ቀጭኑን እየገረዙ ጠንካራውን ማቆየት ብቻ በቃ። መሬቱን የሚያስተዳድሩ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ። በ2002 ዓ.ም. ሥራው፣ የተቀነሰ ጭስ በምስክር ወረቀት እንዲሸጥ በፈቀደው በኪዮቶው የመንግሥታት ውል መሠረት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ታላላቅ የደን ሥራዎችም የመጀመሪያው ሆነ። የዓለም ባንክ ለ165,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆን የምስክር ወረቀት ለመግዛት ተዋዋለ፤ ለገበሬዎቹም ቢያንስ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ700,000 ዶላር በላይ እንደሚያስገኝላቸው አስታወቀ።

በዚያው ውል ጥላ ሥር በሌላ የዓለም ክፍል የሆነውን ጐን ለጐን ማየት ይገባል። በቻይናና በህንድ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች፣ ከምርታቸው የሚተርፈውን ኤች.ኤፍ.ሲ. 23 የተባለ ምድርን የሚያሞቅ ብርቱ ጋዝ ስላቃጠሉ ብቻ እጅግ ብዙ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸው ሸጡት፤ ከወረቀቱ የሚገኘው ትርፍ ከዋናው ምርት ስለ በለጠ፣ የሚቃጠል ጋዝ እንዲበዛላቸው ሲሉ ምርታቸውን የጨመሩ እንዳሉ ተገለጠ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዐይነቱን ወረቀት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከለከለ። የደን ካርቦን ግን ከመነሻው በአውሮፓ ገበያ ተቀባይነት አልነበረውም፤ ዛፍ ሊቃጠል፣ ሊቈረጥ ይችላል፣ የደን ወረቀትም ጊዜያዊ ነው ተብሎ። ምክንያቱ ስሕተት የለበትም። ፍርዱ ግን እንዲህ ወጣ፤ ጋዙን እየጨመረ ያቃጠለው ፋብሪካ ለዓመታት በደጁ ገባ፤ ጉቶውን እየገረዘ ጎርፉን ያቆመው ገበሬ በውጭ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከ20 ዩሮ በላይ ይሸጥ የነበረው የአንድ ቶን ወረቀትም እ.ኤ.አ. 2012 ሲያልቅ ከአንድ ዩሮ በታች ወረደ።

ሁምቦዎች ከዚህ ማዕበል የተጠበቁት ዋጋቸው አስቀድሞ በውል ስለ ተቈረጠ፣ ይኸውም ከገበያው ውጭ ስለ ነበሩ ነው። ከገንዘቡ ወፍጮና የእህል ጎተራ ሠሩበት። ደኑን የሚጠብቁበትን ምክንያት ሲናገሩ ግን ካርቦንን አያስቀድሙም፤ በመጀመሪያ የሚያነሡት ከተከለለው መሬት ታጭዶ ለከብታቸው የሚመጣውን ሣር፣ የረጋውን ጎርፍ፣ የማሩን ነገር ነው። ገንዘቡም ሲታሰብ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ 700,000 ዶላር ለዐሥር ዓመትና ለ2,728 ሄክታር ሲካፈል፣ ለአንድ ሄክታር በዓመት የሚደርሰው 26 ዶላር ገደማ ነው። በዚያው ሄክታር ላይ ባሕር ዛፍ ቢቆም በአምስተኛው ዓመት አጣናው ስንት እንደሚያወጣ፣ በሁምቦ ገበያ የማያውቅ ሰው የለም።